ስድሳ ስም በአንድ መርከብ፦ «ኦብራ ዲን» የተባለው ጌም እና የአውጫጭኝ ሒሳብ

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1802 «ኦብራ ዲን» የምትባል የንግድ መርከብ ሸቀጥ ጭና ከለንደን ወደ ሩቅ ምሥራቅ ትነሳለች። የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞራ ማለፍ ነበረባት፤ ግን የቀጠሮዋ ቦታ ሳትደርስ ትቀርና ጠፋች ተብሎ ይመዘገባል። በ1807 ድንገት እንግሊዝ አገር፣ ፋልማውዝ ወደብ አጠገብ ስትንሳፈፍ ትገኛለች። ሸራዋ ተበላሽቷል፤ በላይዋ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው አይታይም። ስድሳ ሰው የት ገባ?

አትደንግጡ፣ ታሪኩ ፈጠራ ነው። «ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን» የተባለ የኮምፒዩተር ጌም ነው፤ ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ አብዛኛውን ሥራ ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው። በጌሙ ውስጥ እናንተ የኢንሹራንስ መርማሪ ናችሁ። መርከቧ ላይ ትወጣላችሁ፤ የስድሳ ሰዎች ስም ዝርዝር፣ ፊታቸው የተሣለበት ሥዕልና አንድ ባዶ መዝገብ በእጃችሁ ይሰጣችኋል። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄ ትመልሳላችሁ፤ ይህ ሰው ማነው? ምን ሆነ? በማን እጅ?

ስለዚህ ጌም በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል፤ ሽልማትም አግኝቷል። እዚህ የማነሳው ግን ለብቻው የሚታይ አንድ ነገር ነው። ይህ ጌም ከማውቃቸው የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ሁሉ በተለየ «አወቅኩት» እና «ገመትኩት» የሚባሉትን ሁለት ነገሮች ይለያል። ይህ ልዩነት ደግሞ ለኛ እንግዳ አይደለም። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው «አውጫጭኝ» ወይም «አፈርሳታ» የሚለውን ቃል ከአያቶቹ ሰምቷል። የመርከቧን ምርመራና የአባቶቻችንን ምርመራ ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ሁለቱም የት ላይ እንደሚበረቱ፣ የት ላይ ደግሞ ንጹሕ ሰው እንደሚያስገድሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከታሪኩ አንዱን ቋጠሮ እፈታለሁ። ጌሙን ለመጫወት ያሰበ ሰው «ላው የተባለው ሰው» ከሚለው ንዑስ ርዕስ በፊት ቢያቆም ይሻለዋል።

ሰርገኛ ጤፍ የመሰለ ሥዕል

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው መልኩ ነው። በጌሙ ውስጥ ሁለት ቀለም ብቻ አለ፤ ጥቁርና ነጭ። ግራጫ የለም። እያንዳንዱ ፒክስል ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። ፖፕ ይህን ያመጣው ከድሮዎቹ የማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች ነው።

ታዲያ ጥላው፣ የእንጨቱ ስንጥቅ፣ የሰው ፊት እንዴት ይታያል? ሰርገኛ ጤፍ አይታችኋል አይደል? ነጩና ቀዩ ፍሬ ተቀላቅሎ። ሰፌዱን ከቅርብ ስታዩት ፍሬው ወይ ነጭ ነው ወይ ቀይ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብትሉ ግን ዓይናችሁ ደባልቆ አንድ መካከለኛ ቀለም ያያል። ቀይ ፍሬ ሲበዛ ይጠቁራል፣ ነጩ ሲበዛ ይፈካል። ኮምፒዩተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ነጥቦቹን አራርቆ ወይም አጠጋግቶ በመበተን የሌለውን ግራጫ ዓይናችን ራሱ እንዲፈጥረው ያደርጋል።

ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ሥዕሉ ዝርዝር ስለሚነፍጋችሁ ያለችውን ትንሽ ነገር አጥብቃችሁ እንድታዩ ያስገድዳችኋል። የአንዱ ጣት ላይ ቀለበት አለ። የሌላው ክንድ ላይ ንቅሳት። ከታች ባለው የመርከበኞች መኝታ ክፍል የተንጠለጠሉት የሸራ አልጋዎች ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ስም ዝርዝሩ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ተኝቶ ፊቱ የማይታይ መርከበኛ ካለ ከአልጋው ብቅ ያለው ጫማው ይመሰክርበታል። ጫማ! ይህን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሦስት ካልሞላ አይጸድቅም

መርማሪው አንድ አስማታዊ ሰዓት አለው። አስከሬን አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ሲከፍት ያ ሰው ከመሞቱ በፊት የተሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ የሞተባት ቅጽበት ባለችበት ደርቃ ትታየዋለች። ጥይቱ አየር ላይ ቆሟል፣ ቢላው ገብቷል፣ የሰው አፍ እንደተከፈተ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ እየተዘዋወረ ማን የት እንደቆመ ያያል።

ይህን ያህል እያየ ምኑ ይከብዳል? ስም የለማ። ገዳይና ተገዳይ ይታያሉ፤ ማን እንደሚባሉ ግን የሚነግር የለም። ይህ ከዚያኛው ጋር በየት ምዕራፍ ታየ፣ ማን ማንን በስሙ ጠራ፣ ማን ከማን ጋር ቆመ እያላችሁ ማገናኘት አለባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት እንምጣ። መዝገቡ መልሳችሁ ትክክል መሆኑን ወዲያው አይነግራችሁም። የሦስት ሰዎች ዕጣ ሙሉ በሙሉ ትክክል ሲሆን ብቻ ሦስቱንም አንድ ላይ ያጸድቃቸዋል። ሁለቱ ትክክል ሆነው አንዱ ቢሳሳት ጭጭ ነው።

ለምን ሦስት? እስቲ እናስላው። ስለ አንድ ሟች አምስት አማራጭ ቀርቷችኋል እንበል። ጌሙ ለእያንዳንዱ መልስ ወዲያው «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» ቢል ኖሮ ቢበዛ በአምስት ሙከራ ትደርሱበታላችሁ። ለሦስት ሟቾች 5+5+5 = 15 ሙከራ። ምንም ሳታስቡ፣ ጣት ብቻ በማንቀሳቀስ ጨረሳችሁ ማለት ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ካልሆነ አይጸድቅም ሲባል ግን 5×5×5 = 125 ጥምረት ይሆናል። መደመሩ ወደ ማባዛት ተለወጠ። አማራጩ አሥር፣ አሥር ቢሆን ደግሞ 30 የነበረው 1,000 ይሆናል። በግምት መንዳት የሚፈልገውን ሰው ያደክመዋል፤ የሚያስበውን ሰው ግን አይነካውም።

እዚህ ላይ የምህንድስና ተማሪ ሊያጉረመርም ይችላል። የእህል ወፍጮ ቢቆም አንድ ጎበዝ መካኒክ ቺንጋውን፣ ኩሽኔታውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አይነካካም። አንዱን ይፈትሻል፣ ወፍጮውን ያስነሳል፣ ካልሆነ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ሦስቱን አንድ ላይ ቢለውጥ ወፍጮው ይነሳ ይሆናል፤ የተበላሸው የትኛው እንደነበር ግን አያውቅም። ታዲያ ጌሙ ለምን የመካኒኩን ሕግ ገለበጠው?

ምክንያቱ የስህተት ዋጋ ነው። መካኒኩ ቢሳሳት የሚያጣው ግማሽ ሰዓትና ጥቂት ብር ነው። ሙከራ ርካሽ ሲሆን እየሞከሩ መማር ጥሩ ነገር ነው። ሰው ላይ ሲሆን ግን ሙከራ የለም። «እስቲ ይህንን አስረን እንየው፣ ካልሆነ ሌላውን እናስራለን» አይባልም። ፖፕ ግምትን በማስወደድ ያንን ክብደት በጌም ውስጥ አስገባው። ይህ ከውብ ሥዕሉ በላይ የሚያስመሰግነው ሥራው ነው ባይ ነኝ።

አውጫጭኝ እንደ ማሽን ሲታይ

አሁን ከባሕሩ ወጥተን ወደ ደጋው እንውጣ። በድሮው ሥርዓት በገጠር በሬ ተሰርቆ፣ ጎጆ ተቃጥሎ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይጠራል። የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይሰየማሉ። እያንዳንዱ በመሐላ ያየውን የሰማውን ይናገራል። ፊት ለፊት መናገር የፈራ ሰው ደግሞ በምስጢር ይጠቁማል፤ ይህ ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል። ወንጀለኛው ካልወጣ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ካሳውን ይከፍላል።

በአንድ መሐንዲስ ዓይን እዩት፤ የሚያስገርም አሠራር ነው። ፖሊስ የለም፣ የጣት አሻራ የለም፣ ቤተ ሙከራ የለም። ያለው የሰው ትዝታ ብቻ ነው። ስለዚህ ትዝታውን በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ አምጥቶ ማነጻጸር። ከበሬው ባለቤት ሌላ ማንም የማይገደው ነገር የሁሉም ጉዳይ እንዲሆን ደግሞ የጋራ ካሳ ተጨመረበት፤ ዝም ያለ ራሱ ይከፍላላ። ዝምታን ማስወደድ ማለት ነው። ፖፕ ግምትን አስወደደ፣ አባቶቻችን ዝምታን አስወደዱ።

በዘመኑ ከነበረው ከሌላው ዘዴ፣ ከሌባሻይ ጋር ስናወዳድረው ደግሞ ይበልጥ ይገባናል። በሌባሻይ አንድ ልጅ መድኃኒት የተቀላቀለበት መጠጥ ይጠጣል፤ ራሱን ስቶ እየሮጠ የገባበት ቤት ባለቤት «ሌባ» ይባላል። እዚያ ማስረጃ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። ዕጣ ነው፤ ያውም በታመመ ልጅ እግር የሚወጣ ዕጣ። በኋላ በሕግ መከልከሉ ተገቢ ነበር። አውጫጭኝ ከዚህ አንጻር የሐሳብ ሥራ ነው፤ ቢያንስ የሚያዳምጠው የሰውን ምስክርነት ነው።

ግን አንድ አደገኛ ማሰሪያ አለው። «ካልወጣ ሁላችንም እንከፍላለን» ሲባል ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ አንድ ስም እንዲወጣ። ማን ቢሆን? ዘመድ የሌለው፣ በቅርብ የመጣ፣ ከወፉ ጋር በድንበር የተጣላ። ምርመራው መልስ ለማግኘት የሚገፋውን ያህል፣ መልሱ ልክ እንዲሆን አይገፋም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እንላለን፤ እውነት ነው። ጥርጣሬ ግን ገና መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

የበረባሶው ሒሳብ

ያዙልኝ ያልኳችሁ ጫማ አሁን መጣ። ምሳሌው የኔ ፈጠራ ነው፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ መርጫቸዋለሁ።

200 ጎልማሶች ባሉበት መንደር በሬ ተሰረቀ። ሌባው አንድ ነው። ጭቃው ላይ የበረባሶ ዱካ ተገኘ፤ ተረከዙ በአንድ በኩል ያለቀ። ከአሥር ሰው አንዱ እንዲህ ያለ ጫማ አለው እንበል። አንድ ሰው ተያዘ፤ ጫማው ገጠመ። «ንጹሕ ቢሆን ጫማው የመግጠም ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 90 በመቶ ጥፋተኛ ነው» የሚል አይጠፋም።

ስህተት ነው። ከ199 ንጹሐን ውስጥ ወደ 20 ያህሉ ያንኑ ጫማ ያደርጋሉ። ሌባውን ስንጨምር 21። ከ21 ሰው አንዱ ነው ሌባው፤ ማለትም በጫማው ብቻ የተያዘው ሰው ሌባ የመሆን ዕድሉ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም! ይህ ስህተት በትላልቅ የዓለም ፍርድ ቤቶችም ሰው አሳስሯል፤ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት «የዐቃቤ ሕግ ስህተት» ይሉታል።

ሁለተኛ ማስረጃ እንጨምር፤ ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ፣ እሱም ከአሥር ሰው አንዱ ላይ ብቻ የሚገኝ። 20ዎቹ ንጹሐን ወደ 2 ይወርዳሉ። አሁን ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ሦስተኛ ጨምሩ፤ 2ቱ ወደ 0.2 ይወርዳሉ። ዕድሉ 83 በመቶ ደረሰ። አያችሁ? የጌሙ «ሦስት» እና የኛ ሦስት ማስረጃ አንድ ቋንቋ ነው የሚናገሩት፤ የማይደጋገፉ ማስረጃዎች ሲባዙ ግምት ይሞታል። ያኔም ቢሆን 17 በመቶ ስህተት እንዳለ ልብ በሉ።

ግን ሁለት «ከሆነ» አለ።

አንደኛው፣ ማስረጃዎቹ በእርግጥ የማይገናኙ ከሆነ። ሦስት ወፍ አንድን ሰው ጠቆሙ እንበል። ሦስቱም ወሬውን የሰሙት አንድ ጠላ ቤት፣ ከአንድ ሰው አፍ ቢሆንስ? ሦስት ወፍ ከአንድ ጎጆ ወጡ ማለት ነው፤ ማስረጃው አንድ ነው። ወፉ በምስጢር ስለሚናገር ደግሞ «አንተ ከማን ሰማህ?» ብሎ በአደባባይ የሚያፋጥጠው የለም። የአውጫጭኝ ትልቁ ድክመት እዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ዝርዝሩ ሙሉ ከሆነ። ኦብራ ዲን ላይ ስድሳ ሰው ነበር፤ ስልሳ አንደኛ የለም። ባሕር መሀል ማን ይመጣል? ስለዚህ «እሱ አይደለም፣ እሱም አይደለም፣ እንግዲህ ይሄኛው ነው» ማለት ያስኬዳል። ምዕራብ ጎጃም ግን መርከብ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በማንኩሳ አድርጋችሁ ቡሬ ስትደርሱ ደግሞ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው አባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ። በገበያ ቀን ስንት እግር ያልፋል? ዝርዝሩን ከ200 ወደ 2,000 አሳድጉትና እነዚያኑ ሦስት ማስረጃዎች አስሉ፤ ንጹሐኑ 200፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 2 ይሆናሉ። 83 በመቶ የነበረው ወደ 33 በመቶ ወረደ። ማስረጃው ያው ነው፤ የተለወጠው ማን ሊሆን ይችላል የሚለው ዝርዝር ብቻ ነው።

አውጫጭኝ የተከፈተውን መንደር እንደተዘጋ መርከብ ቆጠረው። ሜዳው ላይ ያልተቀመጠ ሰው ሊከሰስ አይችልም፤ ሜዳው ላይ የተቀመጠ ግን የግድ መክፈል አለበት።

ላው የተባለው ሰው

«መርከቢቱ የተዘጋች ስለሆነች እንግዲያው ፍትሕ ይገኝባታል» ብላችሁ ካሰባችሁ ቆዩ።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል ከፎርሞሳ (ዛሬ ታይዋን ከምንላት ደሴት) የመጡ መኳንንትና ጠባቂዎቻቸው አሉ። አንድ ሣጥን ይዘዋል፤ በውስጡ ውድ ነገር አለ። ኦብራ ዲን ሀብት ፍለጋ የወጣች መርከብ አልነበረችም፤ ሣጥኑ ከገባ በኋላ ግን ከሠራተኞቿ አንዳንዶቹ ሀብት አዳኝ ሆኑ። ዋናው ኤድዋርድ ኒኮልስ ነው፤ የመርከቧ መኮንን።

በሣጥኑ ሰበብ ኑንዚዮ ፓስኳ የተባለ ጣሊያናዊ ተሳፋሪ በቢላ ተወግቶ ይሞታል። የወጋው ኒኮልስ ነው። ጥፋቱ ግን ሆክ-ሴንግ ላው በተባለው ፎርሞሳዊ ጠባቂ ላይ ተላከከ። ላው ታስሮ በጥይት ተረሸነ። ኒኮልስ ደግሞ ቆይቶ ከግብረ አበሮቹ ጋር ሣጥኑንም ሰዎችንም ዘርፎ በጀልባ ኮበለለ።

ይህ ሁሉ የሆነው በተዘጋ መርከብ ላይ ነው፤ ስም ዝርዝሩ ሙሉ፣ ካፒቴን ያለበት፣ ሥርዓት ያለበት። ምኑ ጎደለ? የጎደለው ከጠቋሚው ራሱ የተለየ፣ የማይገናኝ ማስረጃ ነው። የተደመጠው ማዕረግ ያለው፣ ቋንቋውም የካፒቴኑ የሆነ ሰው ነው። ላው ባዕድ ነው። አውጫጭኝ ላይ «በቅርብ የመጣ፣ ዘመድ የሌለው» ያልኩት ሰው ማለት ነው። ባሕር ተሻግሮም ያው ሰው ነው የሚከፍለው።

እዚህ ላይ ጌሙን አጥብቄ እነቅፈዋለሁ። መዝገቡ ላይ የላውን ዕጣ ስትሞሉ ትክክል ተብሎ የሚጸድቀው መልስ «በጥይት ተመታ፤ የመታው ሄንሪ ብሬናን» የሚል ነው። ጥይቷ ያገኘችው የሱ ስለነበረች። እውነት ነው፤ ፊዚክሱ ይህንን ይላል። ግን ላውን የገደለው ማነው? ታዝዞ የተኮሰው መርከበኛ ወይስ የሐሰት ጣቱን የቀሰረው ኒኮልስ? መዝገቡ ለዚህ ቦታ የለውም። «ማን ተኮሰ» እንጂ «ማን አስተኮሰ» የሚል ረድፍ የለም።

በምህንድስና ድልድይ ሲወድቅ «ብሎኑ ተበጠሰ» ብለን መዝገብ አንዘጋም። ብሎኑን ማን መረጠው፣ ማን ፈተሸው፣ ማን ፈረመ እያልን ወደ ሥር እንወርዳለን። የመጨረሻውን ምክንያት ብቻ የሚጽፍ መዝገብ ለሚቀጥለው ድልድይ አይጠቅምም። በጌሙ ፍጻሜ ለሟች ወራሾች የሚከፈለው ካሳና የሚጣለው ቅጣት በዚሁ መዝገብ ላይ እንደሚመሠረት ስታስቡ ነገሩ ይብሳል። አንዳንዶች ፖፕ ይህን ሆን ብሎ ነው ያደረገው፣ የኩባንያን ቀዝቃዛ መዝገብ ሊያሳየን ነው ይሉ ይሆናል። ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ግን አንዲት ቦታ ላይ ሊያስቆመን ይገባ ነበር። ተጫዋቹ ሦስቱ ስሞች ሲጸድቁ ደስ ብሎት ያልፋል፤ የላውን ሞት እንደ ተፈታ እንቆቅልሽ ቆጥሮ።

ሌሎች ሁለት እንከኖች

አንደኛ፣ የሦስቱ ሕግ ቀዳዳ አለው። ሁለት እርግጠኛ የሆናችሁባቸው መልሶች በእጃችሁ ካሉ ሦስተኛውን አንድ በአንድ እየቀያየራችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለቱ ልክ ስለሆኑ ማባዛቱ ተመልሶ መደመር ይሆናል፤ 125 የነበረው 5 ይሆናል። ጌሙን ከተጫወቱት ብዙዎቹ መጨረሻ አካባቢ ይህን ያደርጋሉ። አታድርጉት፤ የራሳችሁን ደስታ ነው የምትሰርቁት።

ሁለተኛ፣ ጆሮ። አንዳንድ መርከበኞችን ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ አነጋገራቸው ነው፤ ማን የየት አገር ሰው እንደሆነ ከድምፁ መለየት። የጎጃሙን፣ የወሎውንና የጎንደሩን አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚለይ የቡሬ ልጅ የአየርላንዱንና የስኮትላንዱን እንግሊዝኛ ላይለይ ይችላል። ይህ የጉብዝና ማነስ አይደለም። ጽሑፉ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ አነጋገሩ ግን ከጽሑፉ ጋር አይወጣም። ጌሙ ሁሉም ሰው እኩል ይፈታዋል የሚል መልክ አለው፤ ለኛ ግን አንዳንዱ በር ጠበብ ይላል። ላውም የተጎዳው በዚህችው በር መሆኑን አትርሱ።

ታዲያ እንጫወተው ወይ?

አዎ። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችልና ስለ ሞት የሚያሳየው ሥዕል የማይከብደው ወጣት ሁሉ ቢሞክረው ይማርበታል፤ ደም ስላለበት ለሕፃናት አይሆንም። ሁለት ሆናችሁ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብትጫወቱት ይሻላል፤ አንዳችሁ ስትጠረጥሩ ሌላችሁ «ከየት አመጣኸው?» እያላችሁ።

ስትጫወቱ አንድ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ነገር ጻፉ። ይህን በምን አወቅኩ? ማስረጃዎቼ ከአንድ ምንጭ ናቸው ወይስ ከተለያየ? ዝርዝሩ ሙሉ ነው ወይ፣ ያልቆጠርኩት ሰው ሊኖር ይችላል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከጌሙ ውጭም ያገለግላሉ። የአንድ ሰው ፎቶ «ሌባው ይኸውላችሁ» ተብሎ በስልካችሁ ሲደርሳችሁ ያገለግላሉ። ሰፈር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ፣ ዓይን ሁሉ ከሌላ አካባቢ ወደመጣው የቀን ሠራተኛ ሲዞር ያገለግላሉ። ሜዳው ዛሬ የስልክ ስክሪን ሆኗል፤ ወፎቹ በዝተዋል፣ ጎጆው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ለላው እስኪጠራለት ድረስ ያቆየው አልነበረም። የመርማሪ ሥራ ያንን ቀን ማቆየት ነው፤ ሦስተኛው ማስረጃ እስኪመጣ፣ ሜዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ «በል ጨርሰው» እያለም ቢሆን።